ከእንጦጦ ማርያም በላይ ማን አለ?

እንጦጦ ማርያም ላደገ ሰው «ከላይ የመጣ ነው» የሚለው የቢሮ ቋንቋ ትንሽ ግራ ያጋባል። ከእኛ በላይ ማን አለ? ቤተ ክርስቲያኗ አለች፣ ራቅ ብሎ ራጉኤል አለ፣ ከዚያ ወዲያ ባሕር ዛፍና ሰማይ ነው። ከተማው በሙሉ ከእግራችን ሥር ተዘርግቶ ይታያል። ዞሮ ዞሮ ግን «የበላይ አካል» የሚባለው ሁልጊዜ የሚገኘው ታች ነው፤ ሽሮ ሜዳን አልፎ፣ ስድስት ኪሎን አልፎ፣ ፒያሳና አራት ኪሎ። ልጅ ሆኜ ይሄ ነገር ያስቀኝ ነበር። አሁን የአስተዳደር ትምህርት እየተማርኩ ስለሆነ ብዙም አያስቀኝም።

ለትምህርት ክፍላችን መጽሔት ስለ አካባቢ አስተዳደር እንድንጽፍ በተጠየቅን ጊዜ ከጓደኞቼ አንዱ ስለ ስዊዘርላንድ ካንቶኖች፣ ሌላዋ ስለ ሕንድ መንደር ምክር ቤቶች እንደምትጽፍ ነገረችኝ። እኔ በቅርብ የማውቀው የአያቴን ጣሪያ ነው። ስለዚህ አንባቢ ይታገሠኝና ከጣሪያው ልጀምር፤ ወደ ሕገ መንግሥቱ ያደርሰናል።

አያቴ የምትኖረው በቀበሌ ቤት ነው። የቀበሌ ቤት ማለት ምን እንደሆነ ለማያውቅ (ከክፍለ ሀገር የመጡ ጓደኞቼ ስለሚጠይቁኝ ነው) ነገሩ የሚጀምረው ከሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከመቶ ብር በላይ የሆኑት ቤቶች ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር፣ ከመቶ ብር በታች የሆኑት ደግሞ ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ለቀበሌ ተሰጡ። ጭቃ ቤቶቹ፣ ደሳሳዎቹ፣ እንደ አያቴ ያሉ ሰዎች የተከራዩአቸው ሁሉ የቀበሌ ሆኑ ማለት ነው። አያቴ በወጣትነቷ ከእንጦጦ ጫካ እንጨትና ቅጠል ተሸክማ ሽሮ ሜዳ እያወረደች ትሸጥ ነበር። በዚያ ገንዘብ የተከራየቻት ቤት በአንድ ሌሊት የመንግሥት ሆነች፤ ኪራዩም ቀነሰላት። ዛሬም የወር ኪራይዋ ከአንድ ማኪያቶ ዋጋ ያንሳል። በዚህ አታማርርም፤ እንዲያውም ትመርቃለች።

የምታማርረው በቆርቆሮው ነው። ቆርቆሮው ዝጎ ወንፊት ሆኗል። የእንጦጦን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ዝናቡ ዝናብ ብቻ አይደለም፣ ብርድም ጉምም በረዶም ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እናቴና አጎቴ ተረዳድተው አዲስ ቆርቆሮ ገዙ። ችግሩ የመንግሥት ቤት ያለ ፈቃድ አይነካም። አያቴን ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ፤ ቢሮውን በስሙ አልጠራውም፣ ለዚህ ጽሑፍም አያስፈልግም። ወንበር ላይ የነበረው ልጅ ጨዋ ነው። «እማማ፣ በእኔ ቢሆን ዛሬውኑ ፈቅጄልዎት ነበር፤ ግን የጥገና መመሪያው ከላይ አልወረደም» አላት። ወደ ላይ፣ ማለትም ወደ ታች፣ በታክሲ ሄድን። እዚያ ደግሞ አንዲት ሴትዮ ወረቀቱን አገላብጠው አዩና «ይሄ እኮ እታች የሚያልቅ ጉዳይ ነው» አሉን። ተመለስን። ሦስተኛ ጊዜ ስንሄድ ልጁ ተቀይሮ ነበር።

አያቴ በመንገድ ላይ እንዲህ አለችኝ፤ «ልጄ፣ ቆርቆሮውም ላይ ነው፣ ዝናቡም ላይ ነው። ታች ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።»

ሁለት ክረምት በባልዲና በላስቲክ አለፈ። አዲሱ ቆርቆሮ አልጋዋ ሥር ተጋድሞ ነው የከረመው። ይህን የምጽፈው ማንንም ለመክሰስ አይደለም፤ ያነጋገሩን ሰዎች በሙሉ፣ አንድም ሳይቀሩ፣ ሊረዱን የፈለጉ ይመስለኛል። የገረመኝ ሌላ ነው። ስምንት ቆርቆሮ የመቀየር ሥልጣን የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሥልጣን ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነገር ከሆነ የሆነ ቦታ ላይ ቆሟል ማለት ነው። የት? ክፍል ውስጥ ስማር የቆየሁት ይህንኑ ጥያቄ ነበር፤ ልዩነቱ እዚያ ቆርቆሮ አለመኖሩ ነው።

የሰፈሬን ታሪክ ትንሽ ላንሣ። ዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባን ከመመሥረታቸው በፊት መናገሻቸው እንጦጦ ነበር። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡትም እዚሁ እንጦጦ ማርያም ነው፤ ሙዚየሙን የጎበኘ ተማሪ ሁሉ ይህን ሰምቷል። ነገር ግን በዚያን ጊዜ ቤተ መንግሥቱ መውረድ ጀምሮ ነበር። ተራራው ይበርዳል፣ እንጨቱ አልቋል፤ እቴጌ ጣይቱ ፍል ውኃውን ወደዱትና በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተመሠረተች። እኛ ሰፈር ሽማግሌዎች «ሥልጣን ከእኛ ተነሥቶ ነው የወረደው» እያሉ ይቀልዳሉ። ባሕር ዛፉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ታሪክ በአንድ መስመር መጠቅለል ቢቻል፣ ከተማይቱ ሁልጊዜ ቻርተር ሲጻፍላት ነው የኖረችው። «ከንቲባ» የሚለው ማዕረግ ከጎንደር የመጣ የቆየ ሹመት ነው፤ ሹመት ነው ስል የሚሾም እንጂ የሚመረጥ አልነበረም ማለቴ ነው። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ለአዲስ አበባና ለጎንደር ከንቲባ ሰጠ፤ በ1946 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቻርተር ተሰጣት፤ የቤትና የቦታ ባለቤት የሆኑ ሰዎች የሚመርጧቸው የምክር ቤት አባላትም ነበሯት፤ ከንቲባውን ግን ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ የሚሾሙት። ደርግ ቀበሌን ፈጠረ። ስለ ቀበሌ ብዙ ክፉ ይወራል፣ በቀይ ሽብር ጊዜ የሆነውን ቤተሰብ ሁሉ ያውቀዋል። ሆኖም አያቴ የምትለኝን ልንገራችሁ፦ በቀበሌው ጊዜ አጥር ሲወድቅ፣ ቧንቧ ሲሰበር የሚጠየቀው ሰው እዚያው ሰፈር የሚኖር ነበር። ፈርተውታል፣ ግን ቤቱን ያውቁት ነበር። እንግዲህ ፍርዱን ለአንባቢ ልተወው።

በ1984 ዓ.ም. የሽግግር መንግሥቱ በአዋጅ ቁጥር 7 አሥራ አራት ክልሎችን ሲያቋቁም አዲስ አበባ «ክልል 14» ሆነች። እናቴ በዚያን ጊዜ ተማሪ ነበረች፤ በትምህርት ቤት ወረቀቶቿ ላይ «ክልል 14» የሚል ማኅተም አለ። ለሦስት ዓመት ያህል አዲስ አበባ በስም ከሌሎቹ ጋር እኩል ክልል ነበረች ማለት ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ግን ክልሎቹ ዘጠኝ ሲሆኑ አዲስ አበባ ከዝርዝሩ ወጣች፤ አንቀጽ 49 የራሷ ሆነ።

አንቀጽ 49ን ያላነበበ ተማሪ በእኛ ትምህርት ክፍል ያለ አይመስለኝም፤ ግን እስቲ እንደ ቤት ወረቀት ቀስ ብለን እናንብበው። አዲስ አበባ የፌዴራሉ መንግሥት ዋና ከተማ ናት፤ ራስን በራስ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን አላት፤ ዝርዝሩ በሕግ ይወሰናል። አስተዳደሩ ተጠሪነቱ ለፌዴራሉ መንግሥት ነው። ነዋሪዎቹ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይወከላሉ። የኦሮሚያ ክልል በከተማይቱ ላይ ያለው ልዩ ጥቅም ይጠበቃል፤ እሱም ዝርዝሩ በሕግ ይወሰናል።

«ሙሉ ሥልጣን» እና «ዝርዝሩ በሕግ ይወሰናል» ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሕጉን የሚያወጣው ማን ነው? የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት። ይህ ነው ዋናው ነጥብ። ክልሎች የራሳቸውን ሕገ መንግሥት ራሳቸው ይጽፋሉ፣ ያሻሽላሉ። በሕዝብ ብዛት የአዲስ አበባ ጥቂት ክፍለ ከተሞች የሚበልጧት ሐረሪ እንኳ ክልል ስለሆነች የራሷ ሕገ መንግሥት አላት። የአዲስ አበባ «ሕገ መንግሥት» ግን የፌዴራል አዋጅ ነው። በ1989 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 87 ወጣ። በ1995 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 311 ተካው፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 361 መጣ። ልብ በሉ፣ በአንድ ዓመት ሁለት ቻርተር! አንድ ክልል በአንድ ዓመት ሕገ መንግሥቱ በሌላ ምክር ቤት ሁለቴ ቢቀየርበት ምን ይባል ነበር? በቻርተሩ መሠረት የከተማው ፖሊስ ተጠሪነቱ ለፌዴራሉ መንግሥት ነው። የከተማው ፍርድ ቤቶች የሚያዩት በዝርዝር የተቆጠሩ የከተማ ጉዳዮችን ሲሆን የቀረው የፌዴራል ፍርድ ቤት ነው። በፌዴሬሽን ምክር ቤትም አዲስ አበባ እንደ ከተማ ወንበር የላትም፤ ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው ደግሞ ይኸው ምክር ቤት ነው። ስለዚህ አንቀጽ 49 ምን ማለት እንደሆነ ክርክር ቢነሣ፣ በሚወስነው ጉባኤ ላይ አንቀጹ የሚመለከታት ከተማ አትቀመጥም።

በፍትሐዊነት ለመናገር በዚህ እኛ ብቸኞች አይደለንም። ዋና ከተማ መሆን ዋጋ ያስከፍላል። የዋሽንግተን ነዋሪዎች ራሳቸውን የማስተዳደር ሕግ ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1973 ነው፤ ኮንግረሱ ግን የከተማው ምክር ቤት ያወጣውን ሕግ የመሻር ሥልጣኑን አልለቀቀም፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የከተማውን የተሻሻለ የወንጀል ሕግ ሽሮባቸዋል። በተወካዮች ምክር ቤት ያላቸው አንድ ተወካይ በመጨረሻው ድምፅ ላይ አይመርጥም፤ በዚህ የተነሣ በመኪና ታርጋቸው ላይ «ያለ ውክልና ግብር» የሚል ምሬት አጽፈዋል። እኛ በፓርላማ ድምፅ የሚሰጡ 23 ወንበሮች ስላሉን ከዋሽንግተን እንሻላለን። አቡጃ ደግሞ የተመረጠ ከንቲባ ጭራሽ የላትም፤ የሚያስተዳድራት በፕሬዚዳንቱ የተሾመ ሚኒስትር ነው። ነገር ግን ከሱ ሥር ያሉት ስድስት የአካባቢ ምክር ቤቶች በምርጫ ይቋቋማሉ። ይህችን የአቡጃ ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ወረቀቱ በተግባር ሲፈተን ምን ሆነ? በ1995 ዓ.ም. የነበረው የከተማ አስተዳደር ተነሥቶ በአርከበ ዕቁባይ የሚመራ ጊዜያዊ አስተዳደር ተተካ። አስፋልቱን፣ ኮንዶሚኒየሙን፣ ክፍለ ከተማ የሚባለውን አደረጃጀት ያየነው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነው፤ ብዙ ሰው እስከ ዛሬ በበጎ ያነሣዋል። እኔ የምለው ሥራው መጥፎ ነው አይደለም። ጥሩ ሥራ የሠራውን አስተዳደር የመረጠው የከተማው ሰው አልነበረም ነው። ከዚያ ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. መጣ። እኔ ገና ልጅ ነበርኩ፤ እናቴ ግን ያንን ሰልፍ እስካሁን ስትናገር እጇን እያወናጨፈች ነው። ከሌሊቱ ጀምሮ ቆመው፣ ጋቢ ተከናንበው፣ ቆሎ እየተካፈሉ። ቅንጅት ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበሮች 137ቱን፣ በፓርላማም 23ቱን በሙሉ አሸነፈ። ብርሃኑ ነጋ ከንቲባ ሆነው ተመረጡ፤ ወንበሩ ላይ ግን አልተቀመጡም። የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ እስራቱንም የሞቱትንም። በ1998 ዓ.ም. ግንቦት ፌዴራሉ መንግሥት በብርሃነ ደሬሳ የሚመራ ባለአደራ አስተዳደር ሾመ፤ እሱም እስከ 2000 ዓ.ም. ምርጫ ቆየ። ከዚያ በኋላ ኩማ ደመቅሳ፣ ድሪባ ኩማ። በ2010 ዓ.ም. የምክር ቤቱ ዘመን ሲያልቅ ምርጫው ተራዘመ። በዚያው ክረምት ታከለ ኡማ የምክር ቤቱ አባል ስላልነበሩ በምክትል ከንቲባ ማዕረግ ከተማውን እንዲመሩ ተደረገ፤ ለዚህም ቻርተሩ በፓርላማ ተሻሻለ። በ2012 ዓ.ም. ነሐሴ አዳነች አቤቤ በዚያው ማዕረግ ተተኩ፣ ከ2013ቱ ምርጫ በኋላም ከንቲባ ሆኑ።

ይህን ስደረድር አንድ ነገር ይታየኛል። ከተማይቱ አስተዳዳሪዋን በምርጫ ያገኘችበትና በሹመት ያገኘችበት ዘመን እየተፈራረቀ ነው የሄደው፤ ሹመት በመጣ ቁጥርም ሕጉ አልተጣሰም፣ ተሻሻለ። ይህ ነው የሚያሳስበኝ። የሚጣስ ሕግ ቢያንስ መጣሱ ይታወቃል።

አሁን ወደ ተራራው ጀርባ ልውሰዳችሁ። ከማርያም ትንሽ ወደ ሰሜን ሄዶ ጫፉ ላይ የቆመ ሰው በአንድ ወገን አዲስ አበባን፣ በሌላው ወገን ሱሉልታን ያያል። ሱሉልታ ኦሮሚያ ናት፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሸገር ከተማ አካል ሆናለች። የእኛ ሰፈር ልጆች ለገበያም ለሠርግም ወዲያ ማዶ ይሄዳሉ፣ የወዲያዎቹም ለጠበል ይመጣሉ። ስለ አዲስ አበባ ራስ ገዝነት የሚጽፍ ሰው ብዙ ጊዜ ጀርባውን ለሱሉልታ ሰጥቶ ነው የሚጽፈው። እኔ ግን እዚያ ጫፍ ላይ ስላደግኩ አልችልም። የምንጠጣው ውኃ ከለገዳዲ፣ ከገፈርሳ፣ ከድሬ ግድቦች ነው፤ ሁሉም ኦሮሚያ ውስጥ ናቸው። የከተማው ፍሳሽና ቆሻሻ ደግሞ ወደ እነሱ ይወርዳል። የተቀናጀው ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ተቃውሞ ሲያስነሣ፣ በ2008 ዓ.ም. ጥር እስኪሰረዝ ድረስ ብዙ ወጣት ሞቷል። እነዚያ ልጆች ይጠይቁ የነበረው ከእኛ ጥያቄ የተለየ አይመስለኝም፤ በእርሻችን ላይ የሚወስነው ማን ነው ነው ያሉት። የልዩ ጥቅሙ ረቂቅ አዋጅ በ2009 ዓ.ም. ሰኔ ለፓርላማ ቀርቦ ነበር፣ ሕግ ሆኖ ግን አልወጣም። ስለዚህ «ዝርዝሩ በሕግ ይወሰናል» ከተባሉት ሁለት ነገሮች አንዱ ለከተማይቱ በተደጋጋሚ ሲቀያየር፣ ሌላው ለኦሮሚያ ሳይጻፍ ቀረ። ሁለቱም ወገን ተበደልኩ የሚለው ለዚህ ይመስለኛል። የኦሮሚያ መቀመጫ ራሱ በ1992 ወደ አዳማ እንዲሄድ፣ በ1997 ደግሞ እንዲመለስ ሲወሰን የየትኛውም ሰፈር ሰው አልተጠየቀም።

አሁን ወደ አቡጃዋ ነገር ልመለስ። እስካሁን ያልኩት በፓርላማና በከተማው መካከል ስላለው ነው፤ ክፍል ውስጥም ክርክራችን እዚያ ላይ ያበቃል። እስቲ ነገ ጠዋት አዲስ አበባ ሙሉ ራስ ገዝ ሆነች እንበል። ቻርተሩን ራሷ ጻፈች፣ ፖሊሱ የሷ ሆነ። የአያቴ ቆርቆሮ ይቀየራል? አይመስለኝም። ምክንያቱም ፓርላማው ለከተማው እንደሆነው ሁሉ ከተማውም ለወረዳዎቹ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ መሳተፍ ይችል ዘንድ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። ከላይ ያለውን አንቀጽ ጮክ ብለን እናነባለን፣ ይህችን ግን እንዘላታለን።

በአሜሪካ የታወቀ አንድ ዳኛ ነበር፣ ዲሎን የሚባል። እ.ኤ.አ. በ1868 በአዮዋ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰጠው ፍርድ ከተማ ማለት የክልሉ ምክር ቤት የፈጠረው ነገር ነው፣ የሰጠውን ሥልጣን ብቻ ይዞ ይኖራል፣ የፈጠረው ሊያጠፋው ይችላል አለ። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ስለ ከተማ አንድም ቃል የለውምና ፍርዱ በብዙ ቦታ ተቀባይነት አገኘ። ለዚህ መልስ ሆኖ የመጣው ነው መምህራችን «ሆም ሩል» እያለ የሚያስተምረን፤ ሚዙሪ እ.ኤ.አ. በ1875 በሕገ መንግሥቷ ሴንት ሉዊስ ቻርተሯን ራሷ እንድትጽፍ ፈቀደች። እኔ ዲሎንን ሳነብ የታየኝ አዮዋ አልነበረም። የቀበሌና የወረዳ ካርታ ነው የታየኝ። በ1995ቱ አደረጃጀት አሥር ክፍለ ከተማና 203 ቀበሌ ሆንን። ቀበሌዎቹ ተጨፍልቀው 99 ሆኑ። ከዚያ ቀበሌ ቀርቶ 116 ወረዳ ተባለ። በ2013 ለሚ ኩራ ሲጨመር ክፍለ ከተሞቹ አሥራ አንድ ሆኑ። በአያቴ ሳጥን ውስጥ አራት ዓይነት መታወቂያ አለ፤ ከፍተኛ የሚል፣ ወረዳ የሚል፣ ቀበሌ የሚል፣ እንደገና ወረዳ የሚል። ቤቷ አንድ ጊዜም አልተንቀሳቀሰም። የፈጠረው ሊያጠፋው ይችላል ማለት ይሄ ነው።

አክስቴ በ2005 ዓ.ም. ሚያዝያ በተደረገው ምርጫ የወረዳ ምክር ቤት አባል ሆና ነበር። ደስ ብሏት ነው የገባችው፤ ስለ ጠበልተኞቹ ጉዳይ ልትናገር አስባ ነበር። (እንጦጦ ማርያም ጠበል ፈልገው ከየአገሩ የመጡ፣ ብዙዎቹ በሽታ የጠናባቸው ሰዎች በሰፈራችን ጠባብ ክፍሎች ተከራይተው ዓመታት ይኖራሉ። መታወቂያ ስለሌላቸው በየትኛውም የነዋሪ ቁጥር ውስጥ አይገቡም፤ ውኃ ግን ይቀዳሉ፣ ልጅም ይወልዳሉ፣ ይሞታሉም።) አክስቴ እንደምትለው ስብሰባ ላይ በጀቱ ታትሞ ይጠብቃቸው ነበር። ይነበባል፣ ይጨበጨባል፣ ይጸድቃል። እጇን አውጥታ ስለ ጠበልተኞቹ ስትጠይቅ ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ እንደሆነ ተነገራት፣ በቃለ ጉባኤም ተያዘ። መልሱ ከላይ እንዲመጣ ተባለ።

ወረዳ ሁሉ ቦታ እንዲህ ነው ብዬ አልደመድምም። የአማራ ክልል በ1994 ዓ.ም. ባሻሻለው ሕገ መንግሥት ወረዳን ራሱን የቻለ የሥልጣን እርከን አድርጎ ምክር ቤትም ፍርድ ቤትም ሰጥቶታል። በዚያን ሰሞን በአራቱ ትልልቅ ክልሎች ለወረዳ ጥቅል በጀት መስጠት ተጀመረ። ከደብረ ብርሃን ወዲያ የመጣ ጓደኛዬ ይህን ስነግረው «ወረቀቱ አለ፣ ደመወዝ ሲከፈል ግን የሚተርፍ ነገር የለም» አለኝ። ልክ ነው፤ ኪሱ ባዶ የሆነ ሰው ራሱን ያስተዳድራል ለማለት ይከብዳል። ግን ቢያንስ ወረዳው በክልሉ ሕገ መንግሥት ላይ ስሙ ተጽፏል፤ ለማፍረስ ሕገ መንግሥት መንካት ይጠይቃል። የእኛው ወረዳ እንዲህ ያለ መከታ የለውም።

ደግሞ አዲስ አበባ ድሃ አይደለችም። የምትኖረው በአብዛኛው ራሷ በምትሰበስበው ገቢ ነው። በ2015 ዓ.ም. የጣሪያና የግድግዳ ግብር በአዲስ ስሌት ሲጠየቅ መነሻው የ1968ቱ የደርግ አዋጅ ነበር፤ ይህን ግብር የመጣል ሥልጣን የማን ነው የሚለው ብዙ አከራከረ፤ በ2017 ዓ.ም. ፓርላማው የንብረት ግብር አዋጅ አወጣ። እኔን የገረመኝ ስሙ ነው፤ ጣሪያና ግድግዳ። ስለ ጣሪያ ግብር እነማን እንደሚወስኑ በጋዜጣም በፍርድ ቤትም ተከራከርን። ጣሪያው ሲያፈስ ማን እንደሚወስን ግን ማንም አልተከራከረም።

ብጠየቅ የምለው ትንሽ ነው። ቻርተሩ ሲሻሻል የከተማው ሰው ይጠየቅ፣ እሺ። ነገር ግን በቻርተሩ ውስጥ ለወረዳው ብቻ የተተዉ ጉዳዮች በስማቸው ይዘርዘሩ፤ የቀበሌ ቤት ጥገና፣ የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ የቦኖ ውኃ፣ የነዋሪ ምዝገባ። ከእነዚህ ለአንዱም መመሪያ ከየትም አይጠበቅ። የተሳሳተ ፈቃድ የሰጠ ካለ በሰፈሩ ሰው ፊት ይጠየቅ። አንዳንድ ጓደኞቼ ሙስና ታች ይበዛል ይሉኛል። ሊሆን ይችላል። ታች ያለውን ሰው ግን አያቴ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ታገኘዋለች።

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ የሰጠሁ ቀን አያቴን ደግፌ ወደ ምርጫ ጣቢያ ወረድኩ። ዝናብ ያዘናገረው ቀን ነበር። ሁለት ሁለት ወረቀት ተሰጠን፤ አንዱ ለፓርላማ፣ አንዱ ለከተማው ምክር ቤት። በ2010 መደረግ የነበረበት የወረዳ ምርጫ በዚያ ቀንም አልነበረም። አያቴ ወረቀቶቹን ቆጠረቻቸው፣ እንደገና ቆጠረቻቸው፣ ከዚያ አስመራጯን ልጅ ቀና ብላ አየቻት።

«የሰፈሩስ?» አለቻት።

«ሁለት ብቻ ነው እማማ።»

አያቴ «እንግዲያው» አለችና ሁለቱን አጥፋ ከታች።